ጀርባ የሌለው ቤት ጓጉንቸር

ሟቹ የተገኘው ጣሪያም ጀርባም በሌለው፣ በሩ ግን በጓጉንቸር በተዘጋ ቤት ውስጥ ነበር።

መርማሪዋ በቦታው ስትደርስ ፀሐይ ገና አልበረታችም፤ ጉልበቷ ግን ከአልጋዋ ከወረደች ጀምሮ ሲያማርራት ነበር። በመሥሪያ ቤቷ «ቆይ» ነው የሚሏት። ሰው ቃሉን ሰጥቶ፣ ልብሱን አራግፎ ሊሄድ ሲነሳ «ቆይ» ብላ መልሳ ስለምታስቀምጠው የወጣላት ስም ነው። ከኋላዋ ሲጠሯት ሰምታ ታውቃለች። አልተቆጣችም፤ ለቁጣ የሚተርፍ ጉልበት ካጣች ቆይታለች።

ሰፈሩ ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ ተራውን ይጠብቃል። በየበሩ ላይ የቀለም ምልክት አለ። ሰማያዊ ክብ ያለበት ቤት ይፈርሳል፤ ነዋሪው ግን ሌላ ቦታ ምትክ ክፍል ያገኛል። ቀይ መስቀል ያለበትም ይፈርሳል፤ ነዋሪው የት እንደሚገባ ግን የሚጠይቅ የለም። ሰዎቹ ማሽኑ ሳይቀድማቸው የገዛ ጣሪያቸውን ራሳቸው እያወረዱ ቆርቆሮውን መንገድ ዳር ይደረድራሉ። የሚጮኽ ሰው የለም። የመጮኹ ጊዜ አልፏል።

ሟቹ ፎቶ አንሺ ነው። ቀለም ቀቢዎቹ ከመጡበት ቀን አንስቶ ከሰፈሩ እግሩ አልጠፋም፤ እያንዳንዱን ሰው በገዛ በሩ ላይ አቁሞ ሲያነሳ ነው የከረመው። አሁን በሆዱ ተደፍቷል። ጭንቅላቱና ጀርባው ላይ ብሎኬቶች ተከምረዋል፤ ካሜራው መስታወቱ ተሰንጥቆ ክንዱ ሥር ቀርቷል። ሲያዩት ግድግዳ የተናደበት ሰው ይመስላል። ሐኪሙ ግን ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ፣ «ይቺ የጭንቅላቱ ቁስል ከኋላ በሰው እጅ የደረሰች ናት። ብሎኬቶቹ ከሞተ በኋላ የተጫኑ ናቸው» አለ። «መቼ?» አለችው። «ትናንት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር።»

የጣቢያው ፖሊስ እሷን አልጠበቀም። ቤቱ የአንዲት ልብስ አጣቢ ነው፤ ልጇን በጠዋት አስሮታል። ልጁ ጎረምሳ ተሸካሚ ሲሆን ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ፎቶ አንሺው ላይ ድንጋይ ወርውሮ ስቶታል። አለቃዋ በስልክ፣ «ያለቀለት ጉዳይ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። አንቺም ትንሽ ዕረፊ» አላት።

ዕረፊ የሚላት ሰው ሁሉ ሥራ ጨምሮባት ነው የሚሄደው። ስልኩን ከተተችና በሩ ፊት ቆመች። የቆርቆሮ በር ነው፤ ቀይ መስቀሉ ገና ደምቋል። የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖቹ ተፈተዋል፣ በሩ በታችኛው ብቻ ተንጠልጥሏል። ጓጉንቸሩ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ዞር ብላ በጀርባ በኩል ገባች፤ ዞር ብላ ወጣች። መግቢያው ለመኪና ይበቃል።

ልብስ አጣቢዋ ማዶ፣ በላስቲክ ከተወጠረች መጠለያ ፊት፣ የራሷ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጣቶቿ ከሳሙና ብዛት ነጭተው ተሸብሽበዋል። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ግን የልጇን ስም ከሚጠራ ሰው አፍ ላይ አይነቀልም።

«እትዬ፣ በሩን የቆለፉት እርስዎ ነዎት?» አለቻት መርማሪዋ አጠገቧ እየተቀመጠች።

«ምን ልሁን ብዬ? ከኋላ በሬ የሚያስገባ ቀዳዳ እያለ ከፊት ልቆልፍ? ጓጉንቸሩን ከፍቼ ቀለበቱ ላይ አንጠልጥዬ ተውኩት። በሩን ዛሬ ልጄ ሊነቅልልኝ ነበር፤ የላዩን ብሎን ትናንት ፈትቶት ነው ያደረው።»

«ቁልፉስ?»

ከአንገቷ ክር ስባ አወጣችው። «ልማድ ሆኖብኝ።»

«ልጅዎ ለምን ወረወረበት?»

«ቆርቆሮው ሲወርድ አንጀቴ አልችል ብሎ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አነሳኝ። ልጄ ያንን ሲያይ ደሙ ፈላ። አመሻሽ ላይ ግን ሰውየው ራሱ እዚህ ድረስ መጣ። "ሳልጠይቅዎ ማንሳቴ ጥፋት ነው" ብሎ ፎቶዋን ፊታችን አጠፋት። ልጄም ውሃ ቀድቶ ሰጠው። በዚያው ታረቁ።»

«ያየ ሰው አለ?»

«ማን ያያል፣ የኔ እመቤት? ሁሉም የራሱን ጣሪያ ያወርዳል።»

መርማሪዋ ልትነሳ ጉልበቷን ያዘችና ተመልሳ ተቀመጠች። «ቆይ፤ ሲሄድ የነገረዎት ነገር አለ?»

«"እትዬ፣ ነገ ደስ የሚልዎ ነገር ይሰማሉ" አለኝ። በዚህ ሁሉ መሐል እኔን ምን ደስ ሊለኝ ብዬ ሳቅሁበት።» ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «አሁን ያ ሳቄ ነው የሚቆጨኝ።»

ልብስ አጣቢዋ በሩ ድረስ ሄዳ ጓጉንቸሩን በራሷ ቁልፍ ከፈተችላት። መርማሪዋም በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አስከሬኑን ያገኘው የኤስካቫተሩ ኦፕሬተር ነበር። ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ ሰው ነው። ማሽኑን አጥፍቶ ሰንሰለቱ ላይ ተቀምጧል።

«ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ማሽኑ ፊት እየቆመ አስቸገረኝ። ሰደብኩት። ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ደግሞ ላንሳህ አለኝ። እንቢ አልኩ። እኔም ተከራይ ነኝ፤ የማፈርሰው ቤት ፊት ቆሜ የምነሳበት ፊት የለኝም።»

«ትናንት የኋላውን ግድግዳ የጣልከው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?»

«ወደ ውጭ ነዋ። ባልዲውን በላይ አሻግሬ ወደ ራሴ ነው የምስበው። ወደ ውስጥ ከገፋሁት ቤት ውስጥ የቀረ ሰው ቢኖር ይቀበራል።» አስከሬኑ ወደ ተነሳበት ቦታ ተመለከተ። «ውስጥ የነበሩት ብሎኬቶች እግር አውጥተው አልገቡም። ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባቸው። እኔ ያን ጊዜ በሠራተኛ ማመላለሻው ሄጃለሁ፤ የመኪናው ሰው ሁሉ ይመሰክራል።»

መኪናው ውስጥ የነበሩትን ጠየቀች። እውነቱን ነው።

የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር የልብስ አጣቢዋ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጋዘን ጥበቃ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሽማግሌ ናቸው። በራቸው ላይ ሰማያዊ ክብ አለ። ከውስጥ የሴት ሳል ይሰማል።

«ባለቤቴ ናት» አሉ። «አልጋ ከያዘች ብዙ ጊዜዋ ነው። አንሶላዋን የምታጥብልኝ ይቺው ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አጥቁራ አታውቅም። ልጇም ክፉ ልጅ አይደለም፤ ደም ፍላት ይዞት ነው እንጂ።»

እንዲህ ያለ ጥብቅና ሰው ያሳስራል፤ መርማሪዋ ብዙ ሰምታለች። አብራቸው ተራመደች። የኮሚቴው ዕቃ የሚቀመጥበት ኮንቴይነር ጋ ሲደርሱ በሩ ገጠም ብሎ ጓጉንቸሩ ክፍት ተንጠልጥሏል። አካፋና የውሃ ጀሪካን የሚመላለስበት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው የሚውለው። ሽማግሌው ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ተጭነው ዘጉት፣ ሁለቴ ሳብ አድርገው ፈተኑትና አለፉ። ትንሽ ቆይቶ አካፋ ፈላጊ አንድ ጎልማሳ፣ «ጋሼ፣ ደግሞ ዘጉብን» ብሎ ሲጣራ ሰማች።

«ጋሼ፣ ሟቹ ፎቶግራፍዎን ሰጥቶዎታል?»

«ለኔ ገና ነው። ለሌላው ሲያድል ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ትናንትም አላየሁትም።»

የሟቹ ባለቤት መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ለጎረቤት የተረፈ ጭቅጭቅ እንደነበራቸው ሳትጠየቅ ተናገረች። የፎቶ ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ አዳራሹ ተይዟል፣ እንግዳው ተጠርቷል፣ ባሏ ግን ገና በየቤቱ እየዞረ ሰው ያስፈቅዳል።

«"ባለቤቱ ሳያየው የማንንም ፊት አልሰቅልም" ይላል። መጀመሪያ የተነሳው ሰው ያያል፣ ከዚያ ነው ሌላው። እኔ ሚስቱ እንኳ ሁለተኛ ነኝ። ትናንትም ሁለት ፎቶ ፖስታ ውስጥ ከቶ ወጣ። የማን ነው ስለው፣ "እሳቸው ሳያዩት አልነግርሽም" አለኝ። ጮኽኩበት። የመጨረሻ ቃሌ ጩኸት ሆኖ ቀረ።»

አስከሬኑ ጋ ፖስታ አልነበረም። መርማሪዋ ይህን አልተናገረችም።

ፎቶዎቹን አትሞ ቀለማቸው እስኪደርቅ የሚሰቅላቸው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ገመዶች ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥረዋል፤ ፎቶዎቹ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ሰፈሩ በመንገዱ ላይ እንደተደረደረ ተደርድረዋል፤ ልብስ ሰፊው፣ ቀጥሎ ጫማ ጠጋኙ፣ ቀጥሎ ልብስ አጣቢዋ። ከልብስ አጣቢዋ ቀጥሎ በላይኛውም በታችኛውም ገመድ ላይ መቆንጠጫው ባዶውን አፉን ገጥሟል።

«ቆይ፤ የላይኛው መቼ የተነሳ ነው?»

«ቀለም ቀቢዎቹ የመጡ ቀን። እግር በእግር እየተከተለ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ያነሳው። ሰዎቹ የሉበትም፣ በር በሩን ብቻ ነው። የታችኛው ሰዎቹን በራቸው ላይ አቁሞ በቅርቡ ያነሳው ነው።»

መርማሪዋ የልብስ አጣቢዋን በር ከላይ አየች፣ ከታች አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አየች። ከዚያ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደስታ አልተሰማትም።

«የጎደሉት ሁለቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ?»

«ሁሉም አለ።»

«አትሚልኝ፣ እህቴ።»

ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ሁሉንም ኮንቴይነሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦፕሬተሩ በሩ አጠገብ ቆመ። የሟቹ ባለቤት ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ተረኛው ፖሊስ ልጁን እጁን እንደታሰረ አመጣው፤ እናቱ ብድግ አለች፣ ፖሊሱ በዓይኑ መልሶ አስቀመጣት። ሊቀመንበሩ እንደወጉ የጠረጴዛው ራስ ላይ ተሰየሙ። መርማሪዋ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ መነጽር፣ መሐረብ፣ እስክሪብቶ፣ ክፍት ጓጉንቸር። መነጽሯን አደረገች። የቀረውን ባለበት ተወችው።

«ብዙ አላቆያችሁም፤ ሁላችንም ደክሞናል» አለች። «ይህ ሰው ግድግዳ አልተናደበትም። ማሽኑ ግድግዳውን ወደ ውጭ ነው የሳበው፤ ብሎኬቶቹን ያስገባቸው ሰው ነው። ሌባም አልገደለውም፤ ካሜራው እዚያው ቀርቷል። እንግዲህ ምን ጎደለ? ሲወጣ ፖስታ ይዞ ነበር። ፖስታው የለም። ገዳዩ የፈለገው ካሜራውን ሳይሆን ወረቀት ላይ የወጡትን ሁለት ፎቶዎች ነው። ለምን ካሜራውን ተወው ብትሉ፣ ፎቶ ማለት በእጅ የሚያዘው ወረቀት ብቻ የሚመስለው ሰው ስለሆነ ነው። ኦፕሬተሩ በሰዓቱ መኪና ውስጥ ነበር። ሚስትየው ፎቶው ቢያስፈራት ኖሮ ቤቷ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ አይገኝም ነበር። የቀረው ይህ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ…»

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ሁለት ጊዜ የብረት መሳብ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። «ጓጉንቸሩን ክፍት ነበር ያስቀመጥኩት።»

ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ራስ ዞሩ። ጓጉንቸሩ በሊቀመንበሩ መዳፍ ውስጥ ተዘግቶ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከቱት።

«ልማድ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ትናንትም ልማድ ነው። ይህ ልጅ የበሩን ብሎን ራሱ ፈትቶታል፤ ሊነቅለው ያለውን በር አይቆልፍም። እናቱም ክፍት ትታው ሄዳለች። ጀርባ የሌለውን ቤት ከፊት የሚዘጋ፣ ክፍት ጓጉንቸር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ብቻ ነው። ጠዋት እየተጫወትን ይህንኑ ኮንቴይነር ሲዘጉ አይቻለሁ። ዝም ያልኩት ልማድ ለብቻው ሰው ስለማያስከስስ ነው።»

ከዚያ አራቱን ፎቶዎች ደረደረች። ሁለቱ ከገመዱ ላይ የወረዱ፣ ሁለቱ አዲስ የታተሙ።

«ይህ ቀለም ቀቢዎቹ የመጡ ዕለት ነው። የልብስ አጣቢዋ በር ሰማያዊ ክብ፣ የእርስዎ በር ቀይ መስቀል። ይህ ደግሞ የቅርቡ ነው። የእሷ ቀይ፣ የእርስዎ ሰማያዊ። ቀቢዎቹ የቀለም ጣሳቸውን የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

መልስ የሰጠው ልጁ ነው። «እዚህ ኮንቴይነር ውስጥ። ቁልፉ ጋሼ ጋ ነው።»

«እናትህ ሥራ ላይ ነበረች፤ አመሻሽ ስትመጣ ያገኘችው ቀዩን ነው። የቤቶች ቢሮው ሰው ዘግይቶ መጥቶ በሩ ላይ ያገኘውን ምልክት መዝገቡ ላይ ጽፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ እውነቱ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ገመድ ላይ። ሟቹ ልማዱን ጠብቆ፣ ለማንም ሳያሳይ፣ መጀመሪያ ለበሩ ባለቤት ሊያሳይ መጣ።»

ሊቀመንበሩ ጓጉንቸሩን በዝግታ ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ የደከመ ድምፅ ነበር።

«ቀለሙ እርጥብ ነበር። በቤንዚን ጨርቅ ወዲያው ለቀቀ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው የገረመኝ። ባለቤቴን ላስቲክ ሥር ላስተኛት አልቻልኩም። ጎረቤቴ ጤነኛ ናት፣ ልጅ አላት፣ ትችለዋለች አልኩ።» ወደ ልብስ አጣቢዋ አላዩም። «ሰውየው ወደዚያ ፈራሽ ቤት ጠራኝ። "ባለቤትዎ እንዳይሰሙ ብዬ ነው" አለኝ። ፎቶዎቹን ሰጠኝ። "እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፤ እስከ ነገ እጠብቃለሁ" አለኝ። አልተቆጣኝም። ካሜራውን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ብሎኬቱ እጄ ላይ ነበር። በሩን መዝጋቴን አላስታውስም። ፖስታውን አቃጠልኩት።»

የሟቹ ባለቤት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ድምፅ ሳታሰማ አነባች። ኦፕሬተሩ ኮፍያውን አወለቀ።

ልብስ አጣቢዋ ስትናገር እንደ ወትሮዋ ነው የተናገረችው።

«ለሥራ ስወጣ ሁልጊዜ "ጋሼ፣ በሬን ይዩልኝ" ብዬ ነበር የምሄደው። የዚያን ዕለትም ብዬ ነበር።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። በሕይወታቸው ብዙ ጥያቄ ተጠይቀው ይሆናል፤ ይህ ግን ጥያቄ እንኳ አልነበረም።

መርማሪዋ የልጁን እጅ አስፈታች። ወደ ቤቶች ቢሮ ደወለች፤ የቀይና የሰማያዊውን ነገር አስረዳች። ማዶ ያለው ሰው ሲያዛጋ ተሰማት። «ማመልከቻ ታስገባ፤ ይታያል» አላት። ይታያል የሚለውን ቃል እሷም ለብዙ ሰው ብላዋለች። ፎቶዎቹን ራሷ ይዛ ነገ ልትሄድ ወሰነች፤ መልስ ሳታገኝ ከቢሮው በር ላትነሳ።

ሊቀመንበሩ ከመሄዳቸው በፊት ለባለቤታቸው አንድ ቃል ልንገራት ብለው ለመኑ። ፖሊሱ ደጃፉ ላይ ቆመ። ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። በሩን ገጠም አደረጉ፣ ጓጉንቸሩን ቀለበቱ ላይ ሰኩ፣ ተጭነው ዘጉት፣ ሁለቴ ሳቡት።

ከውስጥ ሳል ተሰማ።

ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ሽማግሌው በመዳፋቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አዩት፣ የተዘጋውን በር አዩት። ያን ጊዜ ብቻ ፊታቸው ተበላሸ።

«ውስጥ ናት» አሉ። «እኔ… ውስጥ ናት እኮ።»

ቁልፉን ዘረጉ። ለማን እንደሚሰጡት ግን አላወቁም፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ልጁ ፊቱን አዞረ። መርማሪዋ ልትቀበል አንድ እርምጃ ስትራመድ ልብስ አጣቢዋ ቀደመቻት። ሽማግሌውን ቀና ብላ አላየችም።

«አንሶላዋን ዛሬ መቀየር ነበረብኝ» አለች፤ ቁልፉን ከመዳፋቸው ላይ አነሳች።

ጓጉንቸሩን ከፍታ ገባች። በሩን ከኋላዋ አልዘጋችውም።